ያልተረገጠው ምንጣፍ

የሻረግ በየጠዋቱ መጀመሪያ የምታደርገው ነገር መስኮት መክፈት ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ ገብቶ፣ ቤቱ ውስጥ ታምቆ ያደረውን የመድኃኒትና የላብ ሽታ ጠራርጎ እስኪወጣ ድረስ የባሏን ጋቢ እስከ አገጩ ትስብለትና አጠገቡ ቆማ ትጠብቃለች፤ ከዚያ መስኮቱን ትዘጋለች፣ እጇን በትንፋሿ ታሞቃለች፣ ቀኝ እግሩን ከብርድ ልብሱ ታወጣና ከተረከዙ ጀምራ ወደ ላይ በቅባት ታሸዋለች። እግሩ እንደ እርጥብ ግንድ ይከብዳል። እያሸች ታወራዋለች፤ ስለ ጎረቤት አጥር፣ ስለ ሽንኩርት መወደድ፣ ስለ ዘንድሮው ገብስ፣ አፏ ላይ የመጣውን ሁሉ። ተድላ አይመልስላትም። ስትሮክ የሚሉት ነገር ቀኝ ጎኑን ከነምላሱ ጠቅልሎ ከወሰደው ወዲህ የቀረለት ግራ ጎኑና ዓይኑ ነው፤ በግራ እጁ የአልጋውን ብረት ያንኳኳል፣ በዓይኑ ይቆጣል።

ይህን ሁሉ ችላዋለች። ያልቻለችው ወለሉን ነው።

ልጃቸው አክሊሉ ከአዲስ አበባ መጥቶ ያስነጠፈው ሴራሚክ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፤ በጋ ከክረምት እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል፤ ሰው በካልሲ ከቆመበት ይጥላል። ተድላንም ጥሎታል። ሲስተር ውድነሽ፣ ቤት ለቤት እየዞረች እንዲህ ያሉ ሕመምተኞችን የምታንቀሳቅሰው ነርስ፣ ደግፋ ባቆመችው ቀን ጤነኛው እግሩ ሸርተት አለና ተያይዘው ወደቁ። ከዚያ ወዲህ እግሩን ወደ ወለሉ ባወረዱለት ቁጥር ዓይኑን ጨፍኖ እንደታሰረ በግ ይንቀጠቀጣል። አክሊሉ ይህን በስልክ ሲሰማ የቆየ ነገሩን አነሣ።

«እማ፣ በቃሽ። እዚህ ይምጣ። የሚንከባከቡ ሰዎች ያሉበት ቤት አይቻለሁ፣ ቀንም ማታም አይለዩትም።»

«አባትህ ዕቃ ነው? ምን መጋዘን ልታስገባው ነው?»

«እንደሱ አላልኩም።»

«ብለሃል። በገዛ እግሩ በር ድረስ መጥቶ ይቀበልሃል። ያን ቀን አፍህን ትዘጋለህ።»

«እሺ። ለዳግማይ ትንሣኤ እመጣለሁ። ካልቆመ ግን ይዤው ነው የምመለሰው፤ ያን ጊዜ አንቺ ትዘጊያለሽ።»

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት። እናቱን እንዲህ የሚናገር ልጅ ያሳደገችው ራሷ ናት፣ ማንን ትውቀስ። ዓይኗ ላይ የመጣው ግን ሌላ ነበር፤ ተድላ በማያውቃቸው ሰዎች እጅ ሲገላበጥ፣ ብረት አንኳኩቶ ምን እንደፈለገ የሚያውቅለት ሲያጣ፣ እሷም ባዶ ቤት ውስጥ ለራሷ ብቻ መስኮት ስትከፍት። ሲስተር ውድነሽ የነገረቻት ትዝ አላት፤ «እትዬ፣ እግራቸው የሚያምነው ወለል ያስፈልጋቸዋል። ወፍራም፣ የሚሞቅ፣ እግር የሚይዝ። በባዶ እግራቸው ይሰማቸው።»

ስለዚህ ምንጣፍ ፍለጋ ወጣች፤ ያንን ፍለጋ ለጠላትም አይስጥ። ገበያው ላይ የተከመረው ሁሉ ከፋብሪካ የወጣ፣ ሲዳስሱት ጥፍር የሚያንገሸግሽ፣ ሲያሸቱት ላምባ ላምባ የሚል ነገር ነው። አንዱ ነጋዴ አንበሳ ያለበት ዘርግቶ «እናቴ፣ ይሄ የቱርክ ነው» አላት፤ «አንበሳውስ የየት ነው፣ ድመት መስሎ?» ብላው አለፈች። አንዱን በእጅ የተሠራ ነው ተብላ ገዝታ ቤት ብታደርሰው በሴራሚኩ ላይ እንደ ሳሙና ሄደ። ሌላው ጠበበና የተድላ እግር ከዳር ወጣ፤ ሌላው በሳምንቱ ጠጉሩን አራገፈና ራሰ በራ ሆነ። መልሳ ወሰደች፣ ተጨቃጨቀች፣ ሌላ ገለበጠች፣ ጫማዋን አውልቃ ረገጠች፣ ሻጮቹም ከሩቅ ሲያዩዋት ፊታቸውን ማዞር ጀመሩ። የድሮው የመንዝ በግ ጠጉር፣ እንደ ድሮው በእጁ የሚሠራ ሰው ጠፍቶ እንደሆነ ይንገሯት። ካልጠፋም የት እንዳለ ይንገሯት።

በመጨረሻ አንዲት ጠጉር ሻጭ ነገረቻት። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከባሕር ዛፉ ጀርባ፣ አትጠገብ የምትባል የመንዝ ሴት ዛሬም በእጇ ትሠራለች።

የአትጠገብ ቤት ረጅምና ጠባብ ነው፤ መስኮት የለውም፣ ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ ነው፣ እሱም መሐል ሳይደርስ ይደክማል። ከግድግዳ ግድግዳ የተከመረው ጠጉር የሰውን ድምፅ ይውጣል፤ የታጠበውና ያልታጠበው ተቀላቅሎ ቤቱ በረትና ዝናብ ይሸታል። ባለቤቲቱ በርጩማ ላይ ተቀምጣ እንዝርት ታሾራለች፤ ሰው ሲገባም ቀና አላለች። ዕድሜዋ ከየሻረግ አይተናነስም፣ አንገቷ ግን እንደ ድር የተወጠረ ነው።

የሻረግ የመጀመሪያውን ገልጣ አየችና ጣለችው። «ይሄን ለአህያ ጀርባ ነው የሠራሽው?»

«አህያዋ እንዳንቺ አትመራርጥም።»

«ይሄስ? ወንፊት ነው? በዚህ ጤፍ ይነፋል።»

«ንፊበታ።»

ሁለተኛውን፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለውን፣ ከሥሩ ያለውን ሁሉ ገለበጠች። አንዱ ቀጥኖባት፣ አንዱ ጠንክሮባት፣ አንዱ ያለ ምክንያት አስጠልቷት፣ እጇ አቧራና ቅባት ብቻ ሆኖ ቀና ስትል፣ ከጨለማው ጥግ፣ ከተወጠረው ድር ኋላ፣ በጆንያ ተጠቅልሎ እንደ ሰው ግድግዳ ተደግፎ የቆመ አንድ ጥቅል አየች። ሄዳ ጆንያውን ገፈፈችው። ጠጉሩ ቀለም ያልነካው፣ እንደ ታረሰ መሬት ጥቁር ነው፣ ጠርዙ ነጭ። እጇን ብትከተው እስከ አንጓዋ ዋጣት። ውስጡም ሞቃት ነበር፤ በዚያ ቀዝቃዛ ቤት፣ በዚያ ጨለማ ጥግ ውስጥ፣ እንደተኛ እንስሳ ሆድ ይሞቃል።

እንዝርቱ ቆመ።

«እሱን ተይው። የሰው ነው።»

«የማን?»

«ያዘዘው ሰው ሳያየው ሞተ።»

«ቤተሰቡስ?»

«አንፈልግም አሉ።»

«እንግዲያ የማንም ነው።»

አትጠገብ እንዝርቷን ጭኗ ላይ አስተኛች። «እኛ ዘንድ ምንጣፍ ያዘዘ ሰው መጥቶ በባዶ እግሩ ረግጦት ነው የሚወስደው። ሳይረግጠው ከሞተ ለቤተ ክርስቲያን ይገባል፣ ማንም ቤት አይነጠፍም። የሚሸከምልኝ ሰው አጥቼ ነው እንጂ ይሄኔ ገብቶ ነበር።»

«ቤተ ክርስቲያኑ ምንጣፍ ሞልቶታል። እኔ ቤት ያለው ሰው ግን መቆም አቅቶታል። ከሁለቱ የቱ ይጸድቃል?»

አትጠገብ እንዝርቷን መልሳ አነሣች። «ለታመመ ከሆነ እሺ፤ እንደምነግርሽ ካደረግሽ። ስትዘረጊው በሩን ክፍት አድርጊ። የሟቹን ስም ጥሪና ‹ና፣ ያንተ ነው፣ ርገጠው› በይው። ከዚያ ከቤት ውጪ፤ ጀንበር ሳትጠልቅ አትግቢ። የታመመውንም ይዘሽው ውጪ። ባዶ ቤት ካገኘ እርሙን አውጥቶ ይሄድልሻል፤ ከዚያ ወዲያ ያንቺ ነው። ስሙን ልንገርሽ፣ ስሙ...»

«አትንገሪኝ።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«የማላውቀውን ሬሳ ቤቴ እየጠራሁ የማስገባ ሴት አይደለሁም። ምንጣፍ ነው የገዛሁት።»

ገንዘቡን ጥላላት፣ ጥቅሉን በባጃጁ ሾፌር አስጎትታ ወጣች። ባጃጁ ላይ ሲታሰር አትጠገብ እንዝርቷን እንደያዘች እስከ አጥሩ ድረስ ተከትላ መጥታ የሆነ ነገር ጮኻ ተናገረች፤ የሻረግ ግን ሞተሩ እየተንተከተከ ነበርና ፊቷን አላዞረችም።

ምንጣፉ ቤቷ ሲዘረጋ ከበሩ ደፍ ተነሥቶ የተድላ አልጋ እግር ሥር ልክ ደረሰ፤ አልተረፈም፣ አላጠረም፣ ቤቱን ለክተው የሠሩት ይመስል ነበር። የፍለጋው መከራ በዚህ ማለቁ አስደስቷት በጉልበቷ ተንበርክካ ጠጉሩን በመዳፏ አለሰለሰችው። ወግን የሚንቅ ሰው ደግሞ ግማሹን ሳያደርግ አያልፍም። በሩን ወለል አድርጋ ከፈተች፣ ደፉ ላይ ቆመች፣ እያፈረችም እየሣቀችም አለች፤ «ተድላ፣ ና፣ ያንተ ነው፣ ርገጠው።» ይህ ቤት ከተድላ ሌላ ባለቤት የለውም፤ ማንን ልትጠራ ኖሯል? ከዚያ የታጠበ ልብስ ልትሰበስብ ወደ ጓሮ ዞረች። ተድላን ይዞ መውጣቱን አላሰበችውም፤ ብታስብስ በምን አቅሟ። ልብሱን እያጠፈች ሳለ የአልጋው ብረት ሲንኳኳ ሰማች። ቶሎ ቶሎ፣ ያለ ዕረፍት። ይጠብቅ፣ አለች በልቧ፣ እኔም ስንት ጠብቄያለሁ። ጀንበር ጠልቃ ስትገባ ማንኳኳቱን ትቶ ነበር፤ ክፍቱን በር አፍጥጦ ያያል፣ ግራ እጁም የአልጋውን ብረት ጨብጦ ጣቶቹ ነጥተዋል።

«ምን ሆንክ? ሸናህ?»

አልሸናም።

ምንጣፉ ከተነጠፈ በኋላ ቤቱ ድምፅ አጣ። ድሮ የነጠላ ጫማዋ ጠፍ ጠፍ፣ የወንበር ፉጨት፣ የወደቀ ማንኪያ ቅጭልታ ነበረበት፤ አሁን ሁሉ ነገር ጠጉሩ ላይ ይወድቅና ይቀራል። መጀመሪያ ደስ አላት። ኋላ ግን ራሷ ስትሄድ ራሷን አለመስማቷ ይከነክናት ጀመር፤ ሥራ ላይ ሆና ሰው ከኋላዋ የገባ እየመሰላት ደጋግማ ትዞራለች። ሽታውም አለ። ዝናብ ሳይዘንብ፣ ደረቅ ነፋስ አጥሩን ሲያፏጨው እየዋለ፣ ከበሩ በኩል የረጠበ በግ ይሸታል፤ ጠርዙን ብትዳስሰው፣ ከውጭ የመጣ ሰው እግሩን የጠረገበት ይመስል ርሷል። አትጠገብን ረገመቻት። ጠጉሩን ሳታጥብ፣ ሳታደርቅ ነው የሠራችው፤ ለዚህ ነው የሞተ ሰው ምናምን እያለች ታሪክ የምታወራው። አውጥታ አጥሩ ላይ ፀሐይ አስመታችው፤ መልሳ ስትዘረጋው ያው ቦታ ያው ረጠበ።

ይህም ይሁን። ያበሳጫት ተድላ ነው። ለእሱ ብላ ከተማውን አካልላ ያመጣችለትን ምንጣፍ እግሩ እንዲነካው አይፈልግም። ቀኝ እግሩን ስታወርድለት ዝም ይላል፤ ያ እግር አይሰማም። ግራውን ስታወርደው ግን ጣቶቹን አጥፎ እንደ ጃርት ይኮማተራል፣ ጉልበቱን ወደ ሆዱ ይስባል፣ ዓይኑ እንባ ይሞላል፣ በእጁም ወደ በሩ ይጠቁማል። በሩን ትከፍትለታለች። ያንኳኳል። ትዘጋለታለች። የባሰ ያንኳኳል።

«እግሬ እስኪነቃ የዞርኩት ለማን ሆነና ነው? ልጅህ እንደ ጆንያ ጭኖ ሊወስድህ ነው፣ ይገባሃል? ወይስ መሄዱን ፈልገኸዋል? እኔ ሰልችቼህ እንደሆነ እንኳ ምላስ የለህ ብዬ እንዴት ልወቅ?»

ተድላ አያትም ነበር። ከጎኗ፣ ትንሽ ከትከሻዋ አለፍ ብሎ ያለ ነገር ያያል።

አንድ ጠዋት ዱካ አየች። ማታ ማታ ጠጉሩን በመጥረጊያ ወደ አንድ ወገን ማስተኛት ልማዷ ነው፤ ጠዋት መስኮቱን ከፍታ ብርሃኑ ሲያርፍበት፣ ከደፉ ገባ ብሎ፣ የባዶ እግር ዱካ ጥንድ ሆኖ ጠጉሩን አስምጦት አገኘችው። ጣቶቹ ወደ ውስጥ ዞረዋል። የራሷ መሰላትና እግሯን ብታስጠጋ አልመጠናትም፤ ደግሞም እሷ ያለ ነጠላ ጫማ ከአልጋ አትወርድም። አስተኛችው። በማግሥቱ ጠዋት ዱካው ራቅ ብሎ፣ ሳጥኑ አጠገብ ነበር። ከዚያ መሐል ላይ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ፣ ሁልጊዜ ፊቱን ወደ አልጋው አድርጎ።

የሻረግ ሞኝ አይደለችም፤ ይህ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ብቻ ነው ያለው። ዱካው ላይ ቆማ ቀስ እያለች ገባት፣ ሲገባትም ወንበር ስባ ተቀመጠች። ይሄ ሰውዬ እየተራመደ ነው። እሷ ስትተኛ፣ እሷ ጓሮ ስትወጣ፣ ማንም ሳያየው ይነሣና ይለማመዳል፤ ድሮም እንዲህ ነው፣ ያልጨረሰውን ነገር ለሰው አያሳይም። ሲሄድ የረገጠው የት ጠፋ ለሚል፣ ሲመለስ በራሱ ዱካ ላይ እየረገጠ አጥፍቶታል። ደስ አላት፣ ከደስታው ቀጥሎ ደግሞ ንዴቱ መጣ። እንዲህ የምትለፋለትን ሴት እንደ ባዳ ይደብቃታል?

«አውቄብሃለሁ» አለችው ስታሸው። «ደብቀኝ ግድ የለም። ለዳግማይ ግን እንዳታዋርደኝ።»

ተድላ ራሱን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ወዘወዘ። ደጋግሞ ወዘወዘ።

ሲስተር ውድነሽ በመጣች ጊዜ የሻረግ ሆን ብላ ጠጉሩን ሳታስተኛ ቆየቻት። ነርሷ ደፉ ላይ ጫማዋን አውልቃ ስትገባ አየችው፣ ፊቷም በራ። «እትዬ፣ ጋሽ ተድላ ናቸው?» ጎንበስ ብላ ዱካውን ተከተለች፤ ጥቂት እንደሄደች ግን ፈገግታው ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ።

«ቀኝ እግራቸው አልተጎተተም።»

«ተሽሎታላ።»

«እንደ እሳቸው የሆነ ሰው ቢሻለውም ይጎትታል። ይሄ እኩል ነው የረገጠው።»

ወደ አልጋው ሄዳ የተድላን እግሮች አንድ በአንድ አነሣች፤ ውስጥ እግራቸውን ወደ ብርሃኑ አዙራ አየች፣ በጣቷም ዳበሰችው። የራሷን ካልሲ ተመለከተች፤ ከበሩ እስከ አልጋው በመጣችበት ብቻ ጥቁር ጠጉር ተጣብቆባታል። የተድላ እግር ግን የሻረግ በቅባት እንዳሸችው ነው፣ ንጹሕ፣ አንድ ዘለላ ጠጉር የለበትም። እግሩን ቀስ አድርጋ መልሳ አስቀመጠችው።

«ምነው?» አለች የሻረግ።

«ምንም፣ እትዬ። ማታ ማታ በሩን ይቆልፋሉ አይደል?»

«ሌባ ምን ሊወስድብኝ? ሴራሚኩን?»

ነርሷ አልሣቀችም። ጫማዋን ይዛ ወጥታ በግቢው መሐል፣ ጭቃው ላይ ቆማ ነው ያጠለቀችው።

በዳግማይ ትንሣኤ ዋዜማ፣ አመሻሹ ላይ፣ ጉም ከገደሉ በኩል ወጥቶ ግቢውን ሞላው፣ መብራትም ጠፋ። የሻረግ ለነገው የሚሆን ሽንኩርት እየከተፈች ከሳሎኑ ቀጥሎ ካለው ማድ ቤት ተቀምጣ ነበር። ቢላዋውን አቁማ ለምን ጆሮዋን እንደሰጠች አታውቅም። መጀመሪያ የሰማችው የራሷን ትንፋሽ ነው። ከዚያ ሌላ ነገር፤ እግር ያሰማው አይመስልም፣ ጠጉሩ ራሱ ክብደት ሲያርፍበት ተጨፍልቆ፣ ክብደቱ ሲነሣለት ደግሞ ቀስ ብሎ እያበጠ የሚሰጠው ድምፅ ነው፣ ገለባ ላይ ከብት ሲገላበጥ እንዳለው ያለ፣ እየቆየ፣ እያረፈ። አንዴ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ አንዴ። በጨለማው ውስጥ ፈገግ አለች። ጎበዝ፣ አለች በልቧ፣ በርታ፤ እንዳይደነግጥና እንዳይወድቅ ብላ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም።

ያኔ የአልጋው ብረት ተንኳኳ።

ማንኳኳቱና እርምጃው አብረው ነበሩ። ይሄን አስተዋለችው፣ አስተውላም ጉሙ ጆሮ ያሳስታል አለች። ሻማ ይዛ ስትገባ እርምጃው ዝም ብሏል፤ ተድላ ብርድ ልብሱ እሷ እንደጠቀጠቀችለት ሆኖ፣ ዓይኑ ፈጥጦ፣ እጁ ብረቱን እየመታ ነበር። የረጠበው በግ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። ዱካው አልጋው አጠገብ ደርሷል፤ የመጨረሻው ጥንድ ትራሱ ግድም፣ ተረከዙ ጠልቆ፣ አንድ ሰው ረጅም ጊዜ ጎንበስ ብሎ እንደቆመበት ያለ ነው። ሻማውን ዝቅ አድርጋ እያየችው፣ የተጨፈለቀው ጠጉር ቀስ በቀስ ቀና ሲል አየች።

«ደረስክ እኮ» አለችው፤ ድምፅዋ ግን እንዳሰበችው አልወጣም።

ተድላ እጇን ያዛት። ባለው አንድ እጅ፣ ባለው ጉልበት ሁሉ አንጓዋን ጨምቆ ወደ ራሱ ሳባት፣ አፉም ተከፈተ፤ ከጉሮሮው ግን ያው የተለመደው አየር ብቻ ወጣ። እንዲህ አጥብቆ ይዟት አያውቅም። አጠገቡ ተቀመጠች። ቆይታ ግን ክንዷ ደነዘዘ፣ ሽንኩርቱ አልተከተፈም፣ ንዴቷም ተመለሰ፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈልቅቃ እጇን አወጣች።

«ነገ ልጅህ ይመጣል። ፍርሃትህን ለከነገ ወዲያ አቆየው።»

በማግሥቱ ጉሙ አልተነሣም፣ መብራቱም አልመጣ። ለቀኑ ስትል መስኮቱን ሳትከፍት፣ መጋረጃውን እንደተዘጋ ትታ ብርዱን አስቀረችለት፤ ፊቱን አጠበችው፣ ነጭ ሸሚዝ አለበሰችው፣ እንዳይበርደው ብርድ ልብሱን ደራርባ እስከ ጆሮው ሸፈነችው። ሊይዛት እጁን ሲሰድ አሁን ጊዜ የለኝም አለችው። ዶሮው ምድጃ ላይ ነበር፤ ከማድ ቤት ግቢ፣ ከግቢ ማድ ቤት ስትል ረፈደ። ልቧ ግን አንድ ቦታ አልረጋ አለ። ባይነሣስ? እሷ ብቻዋን የምታውቀው ነገር ሆኖ ቢቀርስ? አክሊሉ ዱካ አይቶ አያምናት፤ እሱ የሚያምነው የቆመ ሰው ነው።

የአክሊሉ መኪና ጥሩንባ ከግቢው በር ውጭ ተሰማ።

እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወደ ሳሎኑ ሮጠች፣ በማድ ቤቱ በኩል ባለው ደፍ ላይም ደርቃ ቀረች። ተድላ ቆሟል። ምንጣፉ መሐል፣ በግማሽ ጨለማው ውስጥ፣ እንደ ደገኛ ወንድ እስከ ዓይኑ ተከናንቦ፣ ያለ ምርኩዝ፣ ያለ ደጋፊ፣ ቀጥ ብሎ። ብርድ ልብሱን ከአልጋው ላይ ጎትቶ የለበሰ መሰላት። የመጀመሪያ ነገር እግሩን ነው ያየችው፤ ሁለቱም ጠጉሩ ውስጥ እኩል ተተክለዋል። ያን ሁሉ ወር ያጠራቀመችው ስድብ፣ ልመና፣ ብስጭት አንድ ላይ ተነነና፣ ሄዳ ክንዷን ሰጠችው።

ያዛት። በቀኙ ነው የያዛት፤ በዚያ ሞቷል በተባለው እጅ፣ አጥብቆ፣ ጣቶቹም ቀዝቃዛና እርጥብ ነበሩ። ከብርዱ ነው፣ ምድጃ ዳር ይሞቃል።

«ጌታዬ» አለች፣ ከሠርጓ ቀን ወዲህ ብላው የማታውቀውን። «ና፣ ቀስ በል። ልጅህ በር ላይ ነው።»

ተራመደ። እሷ አንድ፣ እሱ አንድ፤ ጠጉሩ ከሥራቸው እየተጨፈለቀ፣ እየተነፈሰ። ውጭ አክሊሉ የግቢውን በር ገፍቶ «እማ» እያለ ሲጣራ ይሰማል፤ የሻረግ እንባዋ አፏ ውስጥ እየገባ፣ አሁን ታያለህ፣ አሁን አፍህን ትዘጋለህ እያለች በልቧ፣ ነፃውን እጇን ወደ በሩ መዝጊያ ዘረጋች።

ከኋላዋ፣ ከአልጋው ላይ፣ ለወራት ያልሰማችው የተድላ ድምፅ እንደ ሕፃን እየተኮላተፈ «የሻረግ፣ ማንን ነው የያዝሽው?» አላት።